ጥፋቱ የትንሹ፣ ክሱ የትልቁ

ስለ ግዙፍ የእሳት እራት ሲወራ የብዙ ሰው ሐሳብ ሩቅ ነው የሚሄደው፤ ወደ አማዞን፣ ወደ ኮንጎ፣ ሲቀርብ ደግሞ ወደ ከፋና ሸካ ጫካ። በዋግ፣ አምደወርቅ ላይ ቆሞ የደሃናን ተራራና ገደል፣ ወደ ተከዜ የሚወርደውን ደረቅ ሸለቆ ለሚያይ ሰው እዚህ መዳፍ የሚሞላ የእሳት እራት አለ ቢሉት አያምንም። አለ እንጂ። ክረምቱ ሲገባ አምፖል እየዞረ ከግድግዳ የሚላተመውን፣ የሌሊት ወፍ ነው ተብሎ በመጥረጊያ የሚባረረውን ያላየ ጥቂት ነው። የምናውቀው ግን በክፉ ስሙ ነው። ንብ ያባርራል፣ ልብስ ይበላል፣ የክንፉ ዱቄት ዓይን ያጠፋል፣ ቤት ከገባ ሞት ይከተለዋል ይባላል።

ከእነዚህ ክሶች አብዛኞቹ ያለ ተከሳሻቸው የቀረቡ ናቸው እላለሁ። ጉዳቱስ አለ፤ ማር ይበላሻል፣ በርኖስ ይበሳል፣ ማሽላ ይበላል። አድራጊው ግን በየጊዜው ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ትንሽ፣ ደብዛዛ፣ ማንም ልብ የማይለው። በነጭ ማሩ በሚታወቀው በዋግ፣ ማር ለብዙ ቤት የዓመት ተስፋ በሆነበት አገር፣ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም።

«ትልቅ የእሳት እራት ያለው ዝናብ በማይለየው ደን ውስጥ ብቻ ነው»

የዓለማችን ትልልቆቹ በእርግጥም የሞቃታማ ደን ፍጥረቶች ናቸው። አትላስ የሚባለው በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ይኖራል፤ ክንፉ ሲዘረጋ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሄርኩለስ የተባለው የኒው ጊኒና የሰሜን አውስትራሊያ ነው። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ያለው ታይሳኒያ አግሪፒና ደግሞ በክንፍ ስፋት ሁለቱንም ይበልጣቸዋል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ሊጠጋ ይችላል። የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ሰው ትልቅ የእሳት እራት ያያል፣ ስልኩ ላይ ይፈልጋል፣ በመጀመሪያ የሚመጣለት ሥዕል የአትላስ ይሆናል፣ ስሙንም ያንኑ ይሰጠዋል። አትላስ ግን በአፍሪካ ምድር የዱር ነዋሪ አይደለም። አንድን የእሳት እራት ለመለየት ከቀለሙና ከመጠኑ በፊት የሚጠየቀው የተገኘበት አገር ነው፤ ይህን የዘለለ ሰው ቀሪውን ሁሉ በትክክል ቢያይ እንኳ የተሳሳተ ስም ላይ ይደርሳል።

የእኛዎቹ ትልልቆች ሁለት ዋና ዋና ቤተሰቦች ናቸው። አንደኛው ሳተርኒዴ የሚባለው ነው፤ አትላስም የዚሁ ዘር ነው። ከነዚህ ውስጥ ቡናያ አልሲኖዬ የተባለው በሰፊው አፍሪካ የሚገኝ ሲሆን፣ ከመልኩ ይልቅ በትሉ ይታወቃል። ትሉ ጥቁር ነው፤ በገላው ላይ ነጫጭ እሾኾች ተደርድረውበታል፣ በጎኑ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉት፣ እንደ ብሳና ያሉ ዛፎችን ቅጠል ይበላል። ከጠገበ በኋላ ወደ አፈር ገብቶ፣ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ፣ በጋውን እዚያው ተኝቶ ያሳልፈዋል። ዝናቡ ሲመጣ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። እንዲህ ላለ ፍጥረት የስምንትና የዘጠኝ ወር ድርቀት እንቅፋት አይሆንበትም። የሚፈልገው ዛፍ እንዳይጠፋ ብቻ ነው፤ በዋግ ደግሞ ያረጀ ዛፍ ከሁሉ በላይ ተጠብቆ የቆየው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ቤተሰብ ስፊንጊዴ ነው። እነዚህ ገላቸው ወፍራም፣ የፊት ክንፋቸው ጠባብና ረጅም፣ በረራቸው ፈጣን ነው። አንድ ጫካ አይወስናቸውም። በ2022 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከእነዚህ የአንዱ ዝርያ የእሳት እራቶች፣ ጥቃቅን የሬዲዮ ማሰራጫ ጀርባቸው ላይ ተለጥፎ፣ በትንሽ አውሮፕላን እየተከታተሏቸው የአልፕስን ተራሮች ሲያቋርጡ እንዴት እንደሚበሩ አሳይቷል። አንዱ በአንድ ሌሊት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዷል፤ ነፋስ ሲገፋውም አቅጣጫውን ሳይስት። ያ ዝርያ በእኛም አገር አለ፤ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የጠፋውም እሱ ነው።

«ባለ ራስ ቅሉ ቤት ከገባ ሰው ይሞታል፤ ቀፎ ከገባ ንቡ ይሰደዳል»

የሳይንስ ስሙ አኬሮንቲያ አትሮፖስ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ከ9 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የፊት ክንፉ ጠቆር ያለ ቡናማ ስለሆነ የዛፍ ልጣጭ ላይ ሲያርፍ አይለይም። የኋላ ክንፉን ሲገልጥ ግን ሌላ ነው፤ ደማቅ ቢጫ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር። ሆዱም ቢጫና ጥቁር እየተፈራረቀበት መሐሉን ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ መስመር ይወርድበታል። ከጭንቅላቱ ኋላ፣ ትከሻው ላይ፣ ፈዛዛ ምልክት አለ፤ ሁለት ጥቁር ነጥቦች የዓይን ጉድጓድ ሆነው የሰው ራስ ቅል ያስመስሉታል። ቅል የሚያስመስለው የፀጉሩና የቅርፊቱ ቀለም እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ፍርሃቱም የእኛ ብቻ አይደለም። ካርል ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ስም ሲያወጣለት በግሪኮች ተረት የሰውን የሕይወት ክር የምትቆርጠውን የአትሮፖስን ስም ነው የሰጠው።

ፍርሃቱን የሚያብሰው ድምፁ ነው። በእጅ ሲያዝ ይጮኻል፤ አይጥ የሚመስል ቀጭን ጩኸት ነው፣ በዚያ ላይ ደጋግሞ። ነፍሳት ሲጮኹ ያልለመደ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን አሠራሩ የታወቀ ነው። ጉሮሮው ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ እንደ ወናፍ እየሰፋና እየጠበበ አየር ይስባል፣ መልሶም በአጭር ምላሱ በኩል ይገፋል፤ ድምፁ የሚወጣው ከዚሁ ነው። አይናከስም፣ አይናደፍም፣ መርዝም የለውም።

አሁን ወደ ቀፎው እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። ማር እንደሚሰርቅ ሐሰት አይደለም። በሌሊት በቀፎው አፍ ይገባል፣ በንቦቹ መሐል እየተራመደ ወደ ማሩ እንጀራ ይደርሳል፣ አጭርና ጠንካራ ምላሱን በሰሙ ክዳን ይወጋል፣ ይጠጣል። ጠባቂዎቹ ንቦች ለምን ዝም ይሉታል የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ መልስ አልነበረውም። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የገላውን ሽታ ሲመረምር ንቦቹ ራሳቸው ገላ ላይ ያሉት አራት የቅባት አሲዶች በተመሳሳይ ድርሻ ተገኙበት። ጨለማ ቀፎ ውስጥ መታወቂያው ሽታ ነው፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሳያውቁበት ያልፋል። ቢነቁበትም ወፍራም ቆዳው መርፌያቸውን በቀላሉ አያሳልፍም።

የሚወስደው ግን ለአንድ ነፍሳት ሆድ የሚበቃውን ነው። እንጀራውን አያፈርስም፣ እጩን አይነካም፣ ቀፎ ውስጥ እንቁላል አይጥልም። አንዳንዴ ንቦቹ ይገድሉትና በድኑን ማውጣት ሲያቅታቸው ሙጫቸውን ቀብተው እዚያው ይተዉታል። ታዲያ ንብ አናቢው ቀፎውን ሲከፍት እንጀራው ተበላሽቶ፣ ንቡ ጠፍቶ፣ ወለሉ ላይ ይህ ግዙፍ በድን ተጋድሞ ያገኛል። ማን ላይ እንደሚፈርድ ግልጽ ነው።

እንጀራውን ግን ጠጋ ብሎ ይየው። ባለ ራስ ቅሉ የጠጣበት ቦታ ክዳኑ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ነው፤ ሌላ ምልክት የለውም። እንጀራው ከዳር እስከ ዳር በነጭ ድር ከተጠላለፈ፣ ውስጥ ለውስጥ መሿለኪያ ከተሠራበት፣ ጥቋቁር ፍርፋሪ ከተራገፈበት፣ እንጨቱ ላይ ነጫጭ ጎጆዎች ተደርድረው ከተጣበቁ፣ ይህ የሰም ትል ሥራ ነው። የሰም ትል እናት ጋሌሪያ ሜሎኔላ የምትባል አመድማ የእሳት እራት ናት፤ ክንፏ ተዘርግቶ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ቀን በስንጥቅ ውስጥ ተለጥፋ ስለምትውል አትታይም። ምሽት ላይ ገብታ እንቁላሏን በቀፎው ስንጥቅ ትጥላለች፤ የሚፈለፈሉት ትሎች ሰሙንና በውስጡ የተጠራቀመውን የአበባ ዱቄትና የእጭ ሽፋን እየበሉ እንጀራውን ያፈርሱታል። የሚመርጡትም ያረጀውን፣ የጠቆረውን፣ እጭ ብዙ ጊዜ ያደገበትን እንጀራ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት አለ፤ የሰም ትል ንብ አባረረ የሚለው። ብርቱ ሠራዊት ያለው ቀፎ ትሎቹን እያነሳ ይጥላቸዋል። ትሉ የሚያሸንፈው ንቡ ሲደክም ነው። በድርቅ አበባ ሲጠፋ፣ ወይም በቆረጣ ጊዜ ማሩ ሙልጭ ተደርጎ ተወስዶ ለንቡ ስንቅ ሳይተርፍለት ሲቀር ቤተሰቡ ይመነምናል፤ ባዶ የቀረውን እንጀራ የሚጠብቅ ይጠፋል፤ የሰም ትሉ ያኔ ይገባል። ስለዚህ መፍትሔው በር ላይ ቆሞ ትልልቅ የእሳት እራት መግደል አይደለም። ያረጀ እንጀራ ማውጣት፣ የቀፎውን ወለል መጥረግ፣ ስንጥቁን መምረግ፣ ባዶ እንጀራ ጓዳ ውስጥ ከማከማቸት ቶሎ አቅልጦ ሰም ማድረግ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በቆረጣ ጊዜ ለንቡ ማስቀረት።

ባለ ራስ ቅሉ የሚያስጨንቀው ካለ የቀፎውን አፍ ማጥበብ በቂ ነው። ንብ በምታልፍበት፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ክፍተት፣ እሱ ገላውን ማሳለፍ አይችልም። ይህን ዘዴ ንቦቹም ያውቁታል። ስለ ንብ በጻፈው መጽሐፍ ስሙ የገነነው ዓይነ ስውሩ ስዊዘርላንዳዊ ፍራንሷ ሁበር ከ200 ዓመት በፊት እንደመዘገበው፣ እነዚህ የእሳት እራቶች በበዙበት ዓመት ንቦቹ በራቸውን በሰምና በሙጫ ከልለው አጥብበውታል።

«ቀንዳሙ ትል መርዛም ነው»

የዚሁ የእሳት እራት ትል ሌላ አስደንጋጭ ፍጥረት ነው። ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሊሆን ይችላል፤ ጎኑ ላይ ዘመም ያሉ ሰማያዊና ሐምራዊ መስመሮች ተስለውበታል። ጅራቱ አካባቢ ጠመም ያለች አንዲት ቀንድ አለችው። ሲነኩት አፉን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። የሚገኘው ድንች ላይ፣ አስተናግር ላይ፣ ሰሊጥ ላይም ነው። ድንች የሚቆፍር ገበሬ አፈሩ ውስጥ የጣት ውፍረት ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ቀይ ቡናማ ነገር አግኝቶ፣ ሲነካው ጫፉ ሲወዛወዝ አይቶ ደንግጦ ጥሎት ይሆናል፤ ያ ትሉ ክንፍ ለማውጣት የተኛበት ሽፋን ነው።

ቀንዷ አትወጋም። ከማሳው አንድ ሁለት ትል ቢገኝ በእጅ ለቅሞ ማንሳት ይበቃል እንጂ መድኃኒት የሚያስረጭ አይደለም። በእጅ መነካት የሌለበት ፀጉራሙ አባጨጓሬ ነው፤ የብዙዎቹ ፀጉር ቆዳ ውስጥ ይሰበርና ያሳክካል፣ ያቃጥላል። ለስላሳ ገላና አንድ ቀንድ ከሆነ አያስፈራም፤ ፀጉር የለበሰ ከሆነ ግን ልጆችን ከልክሉ።

ማሳ የሚያራቁተውስ? እሱም ትንሽ ነው። በ2009 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ በቆሎና ማሽላ ላይ የተሰማራው የአሜሪካ መጤ ተምች፣ ክንፍ ሲያወጣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ግራጫ፣ ለዓይን የማይስብ የእሳት እራት ነው። የሚለየው በትሉ ነው፤ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የሚመስል መስመር፣ ከጅራቱ ሁለተኛው ክፍል ላይ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቋቁር ነጥቦች አሉት። እነዚህን ሁለቱን ያየ ሰው በሌላ ትል አይሳሳትም።

«ልብስ ይበላል፤ ዱቄቱም ያሳውራል»

ልብስ የሚበላው ብል ክንፉ ሲዘረጋ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል የማይሞላ፣ ወርቅማ፣ ከብርሃን የሚሸሽ ነው። እሱም ቢሆን ክንፍ ካወጣ በኋላ አይበላም፤ የሚበላው ትሉ ነው። ምግቡ የእንስሳ ፀጉር ስለሆነ የሚያጠቃው በርኖስን፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስን፣ ለምድን ነው። የጥጥ ጋቢና ነጠላ ምግቡ አይደለም፤ ላብና ቅባት ካልነካው በቀር ብዙም አይነካውም። ትልልቆቹ ሳተርኒዴዎች ደግሞ ጭራሽ የሚበሉበት አፍ የላቸውም። በትልነታቸው ባጠራቀሙት ስብ ለሳምንት ያህል ኖረው፣ ተገናኝተው፣ እንቁላል ጥለው ይሞታሉ። ልብስ በላ ብሎ መክሰስ ይቅርና ውኃ ጠጣ እንኳ አይባሉም።

ዱቄቱ ክንፋቸውን የሸፈኑት ጥቃቅን ቅርፊቶች ናቸው፤ ቀለማቸውም ከዚያ ነው የሚመጣው። ዓይን ውስጥ ከገባ እንደማንኛውም አቧራ ይቆረቁራል፣ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። በደቡብ አሜሪካ ሃይሌሲያ የሚባሉ፣ የሴቶቹ የሆድ ፀጉር ክፉኛ የሚያሳክክ የእሳት እራቶች አሉ፤ የእኛ ስፊንጊዴዎች ግን እንዲህ ያለ ነገር የላቸውም።

«እሳት ስለሚወድ ነው የሚገባበት»

ይህ አባባል ስንት ምሳሌ ተመሥርቶበታል! ሰው በገዛ ፈቃዱ ወደ ጥፋት ሲሄድ የምንመስለው በዚህ ፍጥረት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ በኮስታ ሪካና በለንደን በፈጣን ካሜራ ነፍሳትን መብራት ዙሪያ ሲቀርጿቸው፣ በቀጥታ ወደ መብራቱ የሚበሩ ሳይሆኑ ጀርባቸውን ወደ መብራቱ የሚያዞሩ ሆነው አገኟቸው። ሰው ሠራሽ ብርሃን ባልነበረበት ዘመን ሌሊት ከምድር ይልቅ ብሩህ የሆነው ሰማይ ነበር፤ ጀርባውን ወደ ብርሃን ያዞረ ነፍሳት ገላው ቀጥ ብሎ ይበራል። አምፖል ወይም ኩራዝ ከጎኑ ሲበራ ግን ሰማዩ የት እንዳለ ይጠፋበታል፤ ጀርባውን ወደዚያ ሲያዞር ይዞራል፣ ከላዩ ሲያልፍ ተገልብጦ ይወድቃል። ፍቅርም ምኞትም የለበትም፤ ወጥመድ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ደጅ ላይ ያለ መብራት ሳያስፈልግ ሌሊቱን ሙሉ ባይበራ ብዙ ሕይወት ይተርፋል።

ይተርፍ የምለውም ለሐዘኔታ ብቻ ብዬ አይደለም። ረጅም ምላስ ያላቸው ስፊንጊዴዎች በምሽት የሚፈኩ፣ ነጫጭና ሽታቸው የሚጣፍጥ አበቦችን ያዳቅላሉ፤ በኬንያ በተደረገ ጥናት ፓፓያ ፍሬ የሚይዘው በዋናነት በእነሱ ሥራ እንደሆነ ታውቋል። ሳተርኒዴዎች ደግሞ ሐር ይሰጣሉ። መልካሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የሠራበት ኤሪ የሚባለው የሐር ትል ዘሩ ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ የመጣ፣ የአትላስ የቅርብ ዘመድ ነው። የሚበላው ጉሎ ነው፤ በየአጥራችን ሥር ያለ ጠያቂ የሚበቅለው ጉሎ። ጎጆው አንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ የእሳት እራቱ በሕይወት ወጥቶ ከሄደ በኋላ ሐሩ እንደ ጥጥ ተባዝቶ ይፈተላል። እንዝርት ለሚያውቅ እጅ ይህ ባዕድ ሙያ አይደለም።

ለመለየት ምን ይታያል?

ቀለም ብቻውን አያስተማምንም፤ ቢጫና ሮዝ የለበሱ የእሳት እራቶች እንዳሉ ሁሉ አመድማ ቢራቢሮዎችም አሉ። መጀመሪያ የሚታየው ግንባሩ ላይ ያለው አንቴና ነው። ጫፉ እንደ ክብሪት ራስ ካበጠ ቢራቢሮ ነው። እንደ ላባ ከተበታተነ ወይም ጫፉ ሳያብጥ ቀጥኖ ከሄደ የእሳት እራት ነው፤ ሰፊ ላባ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ሳተርኒዴ ነው፤ በዚያ ላባ የሴቷን ሽታ ከሩቅ ይይዛል። ቀጥሎ አስተራረፉ፤ ስፊንጊዴ ሲያርፍ ክንፉን ወደ ኋላ አጥፎ ሦስት ማዕዘን ይሠራል፣ ሳተርኒዴ ግን ክንፉን ዘርግቶ ይለጠፋል። ሆዱ ላይ ሮዝና ጥቁር መስመር የተፈራረቀበት፣ ክንፉ ግራጫ የሆነ ካገኛችሁ አግሪየስ ኮንቮልቩሊ ነው፤ ትሉ የስኳር ድንች ቅጠል ይበላል። ቡናማ ሆኖ ሁለት ክንፎቹን የሚያቋርጥ ፈዛዛ መስመርና የፊት ክንፉ ላይ ጉጉት መሰል ትልቅ ዓይን ያለው ከሆነ ደግሞ ሳይሊግራማ ላቶና ሳይሆን አይቀርም፤ ከሁለቱም ቤተሰብ ውጭ ነው፣ ትሉም የግራር ቅጠል ይበላል። ያ ዓይን አያይም፤ ጠላት ለማስደንገጥ የተሣለ ነው።

ሲገኝ መግደል አያስፈልግም። ጠዋት ብርድ ሳይለቀው ስለማይበር ፎቶ ለማንሳት ይመቻል። አጠገቡ መጠኑ የታወቀ ነገር፣ ለምሳሌ እስክሪብቶ፣ ይቀመጥ፤ ክንፉ ከላይ፣ አንቴናውም ከፊት ለፊት ይነሳ። የቀበሌው ስም፣ ቀኑ፣ ያረፈበት ወይም ትሉ የበላው ተክል ይጻፍ። ፎቶውን ለማሳየት ሰቆጣ ላይ የደረቅ አካባቢ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ ደግሞ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። ከቀፎ ለተገኘ ግን ፎቶው ብቻውን አይበቃም፤ ከተበላሸው እንጀራ አንድ ቁራጭ፣ ድሩና ፍርፋሪው ሳይራገፍ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ አብሮ ይሂድ።